በሳጥኑ ላይ ያልተጻፈው ቁጥር፦ ረጅም ዙም ያለው ካሜራ እንዴት ይመረጣል?

ከደብረ ታቦር ከተማ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚመለከት ሰው ከፍታው ከ4,000 ሜትር የሚበልጠውን የጉናን ተራራ ያያል። ወደ ምዕራብ በወረታ መንገድ ቁልቁል ሲወርድ ደግሞ በመጀመሪያ የዓለም ሳጋን ደን፣ ቀጥሎም እስከ ጣና ሐይቅ ዳርቻ የተዘረጋውን የፎገራን ሜዳ ያገኛል። በየኮረብታው ላይ እርሻና የግጦሽ መሬት የከበባቸው የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች በባሕር መካከል እንዳሉ ደሴቶች ቆመው ይታያሉ። ለዓይን ቅርብ የሚመስለው ይህ ሁሉ ግን ካሜራ ይዞ ለሚወጣ ሰው ሩቅ ነው።

በዚሁ አካባቢ የሚገኝ የአንድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የተፈጥሮ ክበብ አባላት አንድ ጥያቄ ይዘውልን መጥተው ነበር። ለሁለት ዓመት ያጠራቀሙት ገንዘብ የሚገዛው አንድ ካሜራ ብቻ ነው፤ ከተሳሳቱ ሁለተኛ ዕድል የላቸውም። ካሜራው አራት ሥራ ይጠብቀዋል። የአንድ ቤተ ክርስቲያን ደን ጠርዝ በየዓመቱ ከአንድ ቦታ ላይ ሆኖ ፎቶግራፍ ማንሣት አንደኛው ነው። በፎገራ ሜዳ የሚውሉትን ወፎች መመዝገብ ሁለተኛው፣ በጉና ገደላገደል ላይ የሚኖሩትን ትልልቅ አሞራዎችና ጎጆዎቻቸውን ከሩቅ መከታተል ሦስተኛው፣ በቡሄ ዋዜማ ምሽት የሚበራውን ችቦና የነሐሴ 13ን የደብረ ታቦር በዓል በቪዲዮ ማስቀረት አራተኛው ነው።

ከፊታቸው የቀረቡት ሁለት ካሜራዎች ነበሩ። በአንደኛው ሳጥን ላይ «125 እጥፍ»፣ በሌላው ላይ «25 እጥፍ» የሚል ተጽፏል። ባለ 125ቱ ዋጋው የቀነሰ ነው። ታዲያ ለምን እንጠይቃለን? አምስት እጥፍ የሚያቀርብ ዕቃ በርካሽ ከተገኘ ምርጫው ያለቀ አይደለምን? አይደለም። ምክንያቱን ለማየት ጥቂት ፊዚክስና አንድ የማካፈል ስሌት ይበቃናል።

ለሁሉም አንድ ካሜራ

የምንነጋገርባቸው ካሜራዎች ሌንሳቸው የማይፈታ፣ ከሰፊ እይታ እስከ እጅግ ጠባብ እይታ ድረስ በአንድ ሌንስ የሚያነሡ፣ ፎቶግራፍንም ቪዲዮንም አጣምረው የሚይዙ ናቸው። በንግዱ ዓለም «ብሪጅ» ይባላሉ፤ በኪስ በሚያዘው ትንሽ ካሜራና ሌንሱ በሚቀያየረው የባለሙያ ካሜራ መካከል የቆሙ ድልድዮች እንደማለት ነው። ሌንስ የሚቀያየርበት ካሜራ የተሻለ ምስል ቢሰጥም ለሩቅ ዕይታ የሚሆነው ሌንስ ብቻውን ከካሜራው ሊበልጥ የሚችል ዋጋና ክብደት አለው። ከዚህም ሌላ በጥር ወር አቧራ መካከል ሌንስ መፍታት ሴንሰሩን ለአቧራ ማጋለጥ ነው። ስለዚህ አንድ ዕቃ ብቻ መግዛት ለሚችል ክበብ ባለ አንድ ሌንሱ ካሜራ ተገቢ ምርጫ ነው።

ለማነጻጸሪያ አራት የታወቁ ሞዴሎችን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ኒኮን ፒ1000 ባለ 125 እጥፍ ነው። በዚያው ዓመት የወጣው ካኖን ኤስኤክስ70 ባለ 65 እጥፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የወጣው ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4 ባለ 25 እጥፍ፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣው ፓናሶኒክ ኤፍዜድ300 ደግሞ ባለ 24 እጥፍ ናቸው። ተማሪዎቹ የጠየቁን ስለ መጀመሪያውና ስለ ሦስተኛው ነበር። ሲወጡ ኒኮኑ ወደ 1,000፣ ሶኒው ወደ 1,700 የአሜሪካ ዶላር ይሸጡ ነበር።

«እጥፍ» ምን ይነግረናል?

«እጥፍ» የሚለው ቁጥር ጥምርታ ነው፤ የሌንሱ ረጅሙ የትኩረት ርዝመት በአጭሩ ሲካፈል የሚገኝ ውጤት ነው። የትኩረት ርዝመት ማለት ሌንሱ ከሩቅ የመጣን ብርሃን ሰብስቦ ምስል የሚሠራበት ርቀት ነው። በኒኮን ፒ1000 ላይ ይህ ርዝመት ከ4.3 እስከ 539 ሚሊ ሜትር ይለዋወጣል፤ 539 ለ4.3 ሲካፈል 125 ይሆናል። በሶኒው ላይ ከ8.8 እስከ 220 ሚሊ ሜትር ነው፤ ጥምርታውም 25 ነው።

ልብ እንበል፤ በእውነተኛ ርዝመት ካየን 539 የ220 ሁለት እጥፍ ተኩል እንኳ አይሞላም። አምስት እጥፍ የሚያስመስለው የሴንሰሩ ስፋት ነው። የኒኮኑ ሴንሰር ወርዱ 6.2፣ ቁመቱ 4.6 ሚሊ ሜትር ያህል ሲሆን የሶኒው 13.2 በ8.8 ሚሊ ሜትር ነው። ትንሹ ሴንሰር ሌንሱ ከሠራው ምስል ላይ መካከሉን ብቻ ቆርጦ ስለሚወስድ እይታው ይጠባል፤ የጠበበውም እይታ በስክሪን ላይ ሲዘረጋ ነገሩ የቀረበ ይመስላል። አንድን ፎቶግራፍ በመቀስ ቆርጦ ማሳደግ ከዚህ ብዙ አይለይም። ያልነበረ ዝርዝር በማሳደግ አይፈጠርም።

ታዲያ ዝርዝሩን የሚወስነው ምንድን ነው?

የብርሃን በር

ብርሃን ሞገድ ነው። ሞገድ በጠባብ በር ሲያልፍ ወደ ጎን ይበተናል፤ የፊዚክስ ሰዎች ይህን ዲፍራክሽን ይሉታል። በዚህ የተነሣ ፍጹም ተደርጎ የተሠራ ሌንስ እንኳ የአንድን ኮከብ ብርሃን ወደ አንዲት ነጥብ ሊሰበስበው አይችልም፤ ትንሽ ክብ ሆኖ ይቀራል። በሩ ሲሰፋ ክቡ ይጠባል። ሁለት ተቀራራቢ ነጥቦችን ለይቶ ለማየት የሚቻልበት ትንሹ ርቀት በግምት 1.22 ጊዜ የብርሃኑ የሞገድ ርዝመት፣ ለበሩ ስፋት ተካፍሎ፣ በነገሩ ርቀት ሲባዛ የሚገኘው ነው።

የበሩን ስፋት በሳጥኑ ላይ አናገኘውም። በሌንሱ ፊት ባለው ቀለበት ላይ ግን ማስያዣው ተጽፏል። በኒኮኑ ላይ ከ4.3 እስከ 539 ሚሊ ሜትር፣ ኤፍ ቁጥሩም ከ2.8 እስከ 8 እንደሆነ ይነበባል። ኤፍ ቁጥር ማለት የትኩረት ርዝመቱ ለበሩ ስፋት ሲካፈል የሚሰጠው ውጤት ነው። ስለዚህ ስሌቱን ብንገለብጠው፣ የትኩረት ርዝመቱን ለኤፍ ቁጥሩ ብናካፍለው፣ በሩን እናገኛለን፦

ኒኮን ፒ1000፦ 539 ሲካፈል ለ8፣ 67 ሚሊ ሜትር።
ሶኒ አርኤክስ10 ማርክ 4፦ 220 ሲካፈል ለ4፣ 55 ሚሊ ሜትር።
ካኖን ኤስኤክስ70፦ 247 ሲካፈል ለ6.5፣ 38 ሚሊ ሜትር።
ፓናሶኒክ ኤፍዜድ300፦ 108 ሲካፈል ለ2.8፣ ከ38 ሚሊ ሜትር ጥቂት የሚበልጥ።

የመጨረሻዎቹን ሁለት እንመልከት። አንደኛው 65 እጥፍ፣ ሌላው 24 እጥፍ ተብለው ተጽፎባቸዋል፤ የብርሃን በራቸው ግን እኩል ነው። የብርሃን ተፈጥሮ ለሁለቱም የሰጠው የዝርዝር ወሰን አንድ ነው።

አሁን ወደ ጉና ገደል እንመለስ። ጎጆው ከእኛ 500 ሜትር ይርቃል እንበል። ለአረንጓዴ ብርሃን፣ የሞገድ ርዝመቱ 550 ናኖ ሜትር በሆነበት፣ የኒኮኑ በር እስከ 5 ሚሊ ሜትር የተቀራረቡ ነጥቦችን ሊለይ ይችላል። የሶኒው በር 6 ሚሊ ሜትር ላይ ይወሰናል። በልዩነት ደረጃ ይህ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ነገር ግን ፍትሐዊ ለመሆን አንድ ተጨማሪ ነገር መቁጠር ያስፈልጋል። ሁለት ነጥቦች ተለይተው እንዲመዘገቡ ሴንሰሩም በቂ ፒክስሎች ሊሰጣቸው ይገባል። በሶኒው ሴንሰር ላይ አንድ ፒክስል ከዚያ ርቀት 5.5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸፍናል፤ ሁለት ነጥቦችን ለመለየት ቢያንስ ሁለት ፒክስል ስለሚያስፈልግ ተግባራዊ ወሰኑ 11 ሚሊ ሜትር ይሆናል። የኒኮኑ ፒክስሎች እጅግ ደቃቅ በመሆናቸው በዚህ በኩል አይቸገርም።

እንግዲህ ሳጥኑ አምስት እጥፍ ያለው ልዩነት በእውነተኛ ዝርዝር ሲለካ ወደ ሁለት እጥፍ ይወርዳል። ሁለት እጥፍ ትንሽ አይደለም፤ ጎጆ ውስጥ ያለ ጫጩት ምንቃሩን ከፍቶ እንደሆነ ለማወቅ ሊጠቅም ይችላል። አምስት ግን አይደለም። ጤናማ የሰው ዓይን ከዚያው ርቀት የሚለየው 15 ሴንቲ ሜትር ያህል መሆኑን ስናስብ ሁለቱም ካሜራዎች ዓይንን በብዙ እጥፍ ይበልጣሉ።

ያው በር ብርሃንንም ይቀበላል

የበሩ ስፋት የዝርዝር ብቻ ሳይሆን የብርሃንም መለኪያ ነው። አንድን እይታ በእኩል ስፋት የሚያነሡ ሁለት ካሜራዎች በእኩል ጊዜ የሚሰበስቡት ብርሃን እንደየበራቸው የቆዳ ስፋት ነው። ብርሃን ሲያንስ ምስሉ ነጠብጣብ ይሞላዋል፤ ጥላው ይጨቀያል፤ ቀለሙ ይደበዝዛል።

በረጅሙ ጫፍ፣ ሩቅ ላለ ትንሽ ነገር፣ የኒኮኑ 67 ሚሊ ሜትር በር ከሶኒው 55 ይበልጣልና በብርሃንም ብልጫ አለው። ዙሙን መልሰን ወደ ሰፊው እይታ ስናመጣው ግን ነገሩ ይገለበጣል። ኒኮኑ በሰፊው ጫፍ 4.3 ሲካፈል ለ2.8፣ ማለትም 1.5 ሚሊ ሜትር በር ብቻ ይቀረዋል። የሶኒው 8.8 ሲካፈል ለ2.4፣ ማለትም ወደ 3.7 ሚሊ ሜትር ነው። በቆዳ ስፋት ሲሰላ ሶኒው ወደ ስድስት እጥፍ የሚጠጋ ብርሃን ይሰበስባል። ሶኒው ረጅሙ ጫፍ ላይ በሚደርስበት የእይታ ስፋት ላይ ብናወዳድራቸውም የኒኮኑ ሌንስ እዚያ ላይ 108 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ ኤፍ ቁጥሩ እንደ ሰፊው ጫፍ 2.8 ሆኖ ቢቆይለት እንኳ በሩ ከ39 ሚሊ ሜትር አያልፍም፤ በተግባር ደግሞ ከዚያ በታች ነው።

የቡሄ ዋዜማ ምሽት ይህን በግልጽ ያሳያል። ሰማዩ ደመና ነው፤ ብርሃኑ የችቦ ነው፤ ልጆቹ ይንቀሳቀሳሉ። እዚያ የሚያስፈልገው ሩቅ ማየት ሳይሆን ሰፊ በር ነው። በጥቅጥቅ ደን ሥር፣ በቤተ መቅደስ ቅጽር ዛፎች ጥላ ውስጥም እንዲሁ ነው።

ከዚህ ጋር አንድ የሚያስገርም እውነት እናክል። የዛሬዎቹ ጥሩ ስልኮች ዋና ካሜራ በር ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስለዚህ ለሰፊ እይታ፣ ለቡድን ፎቶግራፍና ለምሽት፣ በኪስ ያለው ስልክ ከባለ 125 እጥፉ ካሜራ ሊሻል ይችላል። ለሰፊ እይታ ብቻ ካሜራ የሚፈልግ ሰው ገንዘቡን ቢያቆይ ይሻለዋል።

የደጋው አየርና የእጃችን መንቀጥቀጥ

እስካሁን ያሰላነው አየር የሌለ ይመስል ነው። በእውነቱ ግን ፀሐይ ያሞቀችው መሬት አየሩን ያሞቀዋል፤ የሞቀውና የቀዘቀዘው አየር የብርሃንን መንገድ የሚያጥፉበት መጠን የተለያየ በመሆኑ ምስሉ እንደ ፈላ ውኃ ይርገበገባል። ደብረ ታቦር 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ በመሆኗ የአየር ግፊቱ ከባሕር ወለል ግፊት ሦስት አራተኛ እንኳ አይሞላም፤ አየሩ የሳሳ መሆኑ ትንሽ ይረዳናል። ሆኖም በፎገራ ሜዳ ላይ፣ ከመሬት ብዙ ሳይርቅ በሚያልፍ እይታ፣ በቀትር የሚነሣ ፎቶግራፍ የሚበላሸው በሌንሱ ድክመት ሳይሆን በዚሁ ርግብግቢት ነው። እዚያ ላይ 67ም ሆነ 55 ሚሊ ሜትር በር ልዩነት አያመጣም። መፍትሔው የሚገዛ ዕቃ አይደለም፤ ጠዋት ከ3 ሰዓት በፊት መገኘት ነው። ከገደል ወደ ገደል፣ ሸለቆን ተሻግሮ የሚያይ እይታ ከመሬት ስለሚርቅ ከሜዳው የተሻለ ነው።

ሁለተኛው እንቅፋት ጭጋግና ጭስ ነው። ጉና ከሩቅ ሰማያዊ መስሎ የሚታየው በመካከል ያለው አየር ሰማያዊ ብርሃንን ከቀዩ ይልቅ አብዝቶ ስለሚበትን ነው፤ 400 ናኖ ሜትር የሞገድ ርዝመት ያለው ብርሃን 700 ካለው ከዘጠኝ እጥፍ በላይ ይበተናል። ዝናቡ አቧራውን አጥቦ በሚያልፍበት በመስከረም የሚነሣ የሩቅ ፎቶግራፍ በመጋቢት ከሚነሣው የጠራ ነው።

ሦስተኛው እንቅፋት እጃችን ነው። ኒኮኑ ረጅሙ ጫፍ ላይ ሲደርስ ከ500 ሜትር ርቀት የሚያየው ወርድ 6 ሜትር ገደማ ብቻ ነው። ትንሽ የእጅ መንቀጥቀጥ ጎጆውን ከክፈፉ ያስወጣዋል። የቆየው የፎቶ አንሺዎች ልማድ እንዲህ ላለው እይታ የመዝጊያው ፍጥነት ወደ 1/3000 ሰከንድ እንዲሆን ይመክራል። በጠራራ ፀሐይ፣ በኤፍ 8 እና በአይኤስኦ 100፣ ያለው ብርሃን የሚፈቅደው ግን ወደ 1/400 ነው። በደን ጥላ ብርሃኑ 16 ጊዜ ቢቀንስ 1/25 ላይ እንወድቃለን። በካሜራው ውስጥ ያለው የመንቀጥቀጥ መከላከያ የእጅን እንቅስቃሴ ሊያካክስ ይችላል፤ የወፏን እንቅስቃሴ ግን አያቆምም። ስለዚህ ጠንካራ ባለ ሦስት እግር መቆሚያ ከካሜራው ጋር አብሮ ሊታሰብ የሚገባው ወጪ ነው። መቆሚያ ላይ ሆኖ በሁለት ሰከንድ ቆጣሪ ማንሣት ጣት የሚያመጣውን ንዝረት ያስቀራል። ኒኮኑ 1.4 ኪሎ ግራም፣ ሶኒው 1.1 ኪሎ ግራም ያህል ስለሚመዝኑ ጉናን የሚወጣ ሰው ትከሻም ይህን ያስተውለዋል።

ቪዲዮ፦ የመብራታችን 50 ዑደት

በቪዲዮ ምርጫ ላይ ብዙዎች የሚዘነጉት ነገር የአገራችን የመብራት ኃይል በሰከንድ 50 ዑደት ያለው መሆኑን ነው። በዚህ ኃይል የሚበሩ ብዙ አምፖሎች በሰከንድ 100 ጊዜ ይደምቃሉ፣ ይፈዛሉ። ካሜራው በሰከንድ 30 ወይም 60 ክፈፍ ቢቀርጽ የሁለቱ ምት ስለማይገጥም በምስሉ ላይ የሚሮጡ ጥቁር መስመሮች ይታያሉ። መፍትሔው ቀላል ነው፤ ከካሜራው ምናሌ ላይ ፓል የሚለውን መርጦ በሰከንድ 25 ወይም 50 ክፈፍ፣ የመዝጊያ ፍጥነቱንም 1/50 ወይም 1/100 ማድረግ። ከመግዛታችን በፊት ካሜራው ይህን ምርጫ እንደሚሰጥ ማረጋገጥ ይኖርብናል፤ ለሌላ አገር ገበያ የተሠሩ አንዳንድ ካሜራዎች ላይሰጡ ይችላሉ።

ድምፅም የቪዲዮ ግማሽ አካል ነው። የጅራፍ ጩኸትና የልጆች ዜማ በካሜራው ላይ ባለች ትንሽ ማይክሮፎን ብቻ ሲቀረጽ የዙሙ ሞተርና የጉና ነፋስ አብረው ይገባሉ። የውጭ ማይክሮፎን መሰኪያ ያለው ካሜራ መምረጥ ይገባል። የማስታወሻ ካርዱም መታሰብ አለበት። በሰከንድ 100 ሚሊዮን ቢት የሚመዘግብ የ4ኬ ቪዲዮ በሰዓት 45 ጊጋ ባይት ይወስዳል፤ ባለ 64 ጊጋ ባይት ካርድ ከአንድ ሰዓት ተኩል በታች ይሞላል። ይህን ሁሉ የሚያስቀምጥ ኮምፒውተር ወይም ውጫዊ ዲስክ የሌለው ክበብ በዝቅተኛ ጥራት መቅረጹ ብልህነት እንጂ ድህነት አይደለም።

ስለ ፀሐይ አንድ ማስጠንቀቂያ

ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. በላሊበላ ቀለበታዊ የፀሐይ ግርዶሽ ሲታይ ብዙ ሰዎች ካሜራቸውን ወደ ሰማይ አዙረው ነበር። ሐምሌ 26 ቀን 2019 ዓ.ም. የሚሆነው የፀሐይ ግርዶሽ ደግሞ በኢትዮጵያ በከፊል የሚታይ ነው፤ የክረምቱ ደመና ከፈቀደ ማለት ነው። የ67 ሚሊ ሜትር በር በቀን ብርሃን ወደ 2 ሚሊ ሜትር ከሚጠበው የዓይናችን ብሌን ከ1,000 እጥፍ በላይ ብርሃን ይሰበስባል። ይህ ሁሉ በሴንሰሩ ላይ ሲያርፍ ያቃጥለዋል። ለፀሐይ ተብሎ የተሠራ ማጣሪያ ከሌንሱ ፊት ሳይደረግ ካሜራን ወደ ፀሐይ ማነጣጠር አይገባም። በጨረቃ ላይ ግን ምንም ስጋት የለም፤ ኒኮኑ ረጅሙ ጫፍ ላይ ሙሉ ጨረቃን ከክፈፉ አስበልጦ ያሳያታል።

ምርጫው

ወደ ክበቡ እንመለስ። ለተማሪዎቹ የሰጠናቸው የመጀመሪያው መልስ ጥያቄ ነበር፦ በዓመት ውስጥ ልታነሷቸው ያሰባችኋቸውን ነገሮች ከነርቀታቸውና ከነሰዓታቸው በወረቀት ላይ ጻፉ። የደኑ ጠርዝ ከ200 እስከ 500 ሜትር ርቀት ላይ ነው፤ ሰፊና መካከለኛ እይታ ይፈልጋል። የፎገራ ወፎች፣ በራሳቸው ላይ እንደ ዘውድ ያለ ወርቃማ ላባ ያላቸው ባለ ረጅም እግሮች ጭምር፣ በጠዋት በትዕግሥት ከተጠበቁ መካከለኛ ረጅም እይታ ይበቃቸዋል። ቡሄ ሰፊ በር ይፈልጋል። የመጨረሻውን ርዝመት በእውነት የሚጠይቀው የጉናው ጎጆ ብቻ ነው።

ስለዚህ ለአራቱ ሥራዎች በአንድነት የምንመርጠው ባለ 25 እጥፉን ነው። ዋጋው ከከበደ ያገለገለውን መፈለግ ይቻላል። ይህ ምርጫ የሚያስከፍለው ነገር እንዳለ አንሸሽግም፤ ጎጆው ትንሽ ሆኖ ይታያል፤ ጫጩቶቹን ለመቁጠር ጠጋ ብሎ መጠበቅ ይጠይቃል። ሥራቸው ሁሉ ጎጆ መከታተል ቢሆን፣ ለሰፊው እይታና ለምሽቱም ጥሩ ስልክ በእጃቸው ቢኖር ኖሮ ባለ 125 እጥፉን ያለማመንታት እንመክራቸው ነበር። «የተሻለ ካሜራ» የሚባል ነገር የለም፤ ለተጻፈ ሥራ የተሻለ ካሜራ ግን አለ።

ያገለገለ ካሜራ የሚገዛ ሰው የሚከተሉትን ይመርምር። በሌንሱ ውስጥ በባትሪ ብርሃን ሲታይ እንደ ሸረሪት ድር የተዘረጋ ሻጋታ አለመኖሩን ያረጋግጥ፤ በክረምት እርጥበት ውስጥ በሻንጣ ተዘግቶ የቆየ ሌንስ ይህ ያጋጥመዋል። ዙሙን ከጫፍ እስከ ጫፍ አንቀሳቅሶ ድምፁን ይስማ። ነጭ ግድግዳ አንሥቶ የማይጠፋ ጥቁር ነጥብ መኖሩን ይመልከት። በመጨረሻም ካሜራው ያልተነካካ ጥሬ ፋይል፣ በተለምዶ ሮው የሚባለውን፣ ማስቀመጥ እንደሚችል ይጠይቅ፤ ለምርምር የሚውል ምስል በካሜራው ተቀባብቶ ከመውጣቱ በፊት ያለው መልክ ያስፈልገዋል።

ይህ ሁሉ ጥንቃቄ ለምን አስፈለገ? ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በደቡብ ጎንደር 28 አብያተ ክርስቲያናትን ደኖች አጥንተው እ.ኤ.አ. በ2007 በዋኽኒንገን ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ጽሑፋቸውን አቅርበዋል። ደኖቹ የአገር በቀል ዛፎች መጠጊያ መሆናቸውን ዛሬ ዓለም የሚያውቀው እንዲህ ባለው ሥራ ነው። አንድ ደን እየጠበበ ወይስ እያገገመ መሆኑን ለማወቅ ግን የትናንቱን መልክ የሚያሳይ ማስረጃ ያስፈልጋል።

እ.ኤ.አ. በ1867 ዐፄ ቴዎድሮስ ሴቫስቶፖል መድፋቸውን ይዘው ከደብረ ታቦር ወደ መቅደላ ተነሡ። በማግስቱ ዓመት በሰሜን በኩል የዘመተባቸው የእንግሊዝ ጦር ፎቶ አንሺዎች ነበሩት፤ በመንገዳቸው ያዩትን መልክዓ ምድር በመስታወት ላይ አስቀሩ። ከ140 ዓመት በኋላ የቤልጂየሙ የጌንት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ያን ኒሰንና ባልደረቦቻቸው ፎቶግራፎቹ የተነሡባቸውን ቦታዎች ፈልገው በማግኘት እንደገና አነሷቸው፤ ብዙዎች ከጠበቁት በተቃራኒ በበርካታ ቦታዎች የዛፍ ሽፋኑ ከ1868 የተሻለ ሆኖ አገኙት። የጥንቶቹ ካሜራዎች ዙም የሚባል ነገር አልነበራቸውም። ምስሎቻቸው ለማስረጃ የበቁት የተነሡበት ቦታ ተለይቶ ሊገኝ በመቻሉና ዝርዝራቸው ባለመጥፋቱ ነው።

የክበቡ ተማሪዎችም እንዲሁ ያድርጉ ብለናል። ከአንድ ድንጋይ ላይ ቆመው፣ በየዓመቱ በአንድ ወር፣ በአንድ ሰዓት፣ በአንድ የትኩረት ርዝመት ያንሡ፤ ቦታውን፣ አቅጣጫውንና ቀኑን በደብተር ይጻፉ። ካሜራው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ያረጃል፤ ደብተሩና ምስሉ ከተጠበቁ ግን ገና ያልተወለደ ተመራማሪ ያንን ድንጋይ ፈልጎ ይመጣል።